ቅጠሉን የጣለ ዛፍ አልሞተም

ከሮቤ ወደ ገሰራ የሚወስደው መንገድ የሚያልፈው በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል ነው። ሜዳው ማለቂያ ያለው አይመስልም፤ ነገር ግን ከገሰራ ወረዳ ሰሜናዊ ጫፍ ሲደርሱ መሬቱ ይሰበርና ባሌን ከአርሲ ወደሚለየው የዋቤ ሸበሌ ሸለቆ ቁልቁል ይወርዳል። በየ100 ሜትሩ ቁልቁለት ሙቀቱ በአማካይ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይጨምራል፤ ዝናቡ ደግሞ ይሳሳል። በበጋ በዚህ ቁልቁለት የወረደ ሰው ከደጋው ጫፍ ላይ ወይራው ለምልሞ፣ ዝቅ ሲል ግራሩ ተራቁቶ ያገኛል። በአንድ ሰማይ ሥር ቆመው አንዱ የሚለብሰው፣ ሌላው የሚራቆተው ለምንድን ነው? መልሱ ያለው እያንዳንዱ ዛፍ ውኃውን በሚያስተዳድርበት መንገድ ላይ ነው።

መጀመሪያ ዝናቡን እንይ። የመካከለኛውና የሰሜኑ ደጋ ዋና ዝናብ ክረምት ነው፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ይዘንባል፣ ከዚያ ያባራል። ባሌ ከዚህ ይለያል። ፀሐይን ተከትሎ በዓመት አንዴ ወደ ሰሜን፣ አንዴ ወደ ደቡብ የሚጓዘው የዝናብ ቀበቶ በዚህ አካባቢ ሁለት ጊዜ ያልፋል። ስለዚህ የሮቤ፣ የሲናናና የገሰራ ገበሬ በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፦ አንደኛው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ያለው «ገንና»፣ ሌላው ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ ያለው «ቦና» ነው። ወደ ቆላው ሲወረድ ሁለቱም ወቅቶች ያጥራሉ፤ በመካከላቸው ያለው ደረቅ ጊዜ ግን ይረዝማል። የቆላው ቁጥቋጦም እንደ ገበሬው በዓመት ሁለት ጊዜ ሊለመልም፣ ሁለት ጊዜም ሊራቆት ይችላል።

ቅጠል ለዛፉ ምግብ ማብሰያው ነው። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማስገባት በገጹ ላይ ያሉትን እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች መክፈት አለበት፤ እነርሱ ሲከፈቱ ግን ውኃው በትነት ይወጣል። አፈሩ እርጥብ ከሆነ ሥሩ የወጣውን ይተካል። አፈሩ ሲደርቅና አየሩ ሲግል ውኃውን ከሥር ወደ ላይ የሚስበው ኃይል እየበረታ ይሄዳል፤ ከመጠን ካለፈ በግንዱ ውስጥ ባሉት የውኃ ቧንቧዎች የአየር አረፋ ይፈጠርና መስመሩ ይቋረጣል። የተቋረጡት ቧንቧዎች ከበዙ ቅርንጫፉ፣ ብሎም ዛፉ ይሞታል። ቅጠል ማራገፍ ከዚህ አደጋ ማምለጫ ነው።

ዛፉ ታዲያ ቅጠሉን እንዲሁ አይጥለውም። አስቀድሞ በውስጡ ካለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ብዙውን ወደ ቅርንጫፉና ወደ ግንዱ ይመልሳል፤ ቅጠሉ ቢጫ የሚሆነውም በዚህ ጊዜ ነው። ቀጥሎ በቅጠሉ እግር ላይ ቡሽ መሰል ሽፋን ይሠራል፤ ቅጠሉ ሲወድቅ ቁስሉ አስቀድሞ ተደፍኗል ማለት ነው። ከምድር የሚደርሰው ቅጠል ዋና ዋና ሀብቱ የተወሰደበት ገለባ ነው።

ሁሉም ዛፍ ግን ይህን መንገድ አይከተልም። ወይራ፣ አጋምና ክትክታ ቅጠላቸው ወፍራምና ጠንካራ ወይም በሙጫ መሰል ነገር የተሸፈነ ነው። እንዲህ ያለውን ቅጠል ለመሥራት ዛፉ ብዙ ያወጣል፤ ስለዚህ ደረቁን ወቅት በቁጠባ ያሳልፈዋል እንጂ አይጥለውም። ብዙዎቹ የቆላ ግራሮች በተቃራኒው ስስና በቶሎ የሚያድግ ቅጠል ያወጣሉ፤ ዝናብ እስካለ ይሠሩበታል፣ ሲጠፋ ይጥሉታል። የከርቤ ዛፍና ዘመዶቹ ደግሞ በግንዳቸው ውኃ ያጠራቅማሉ፤ የብዙዎቹ ውጫዊ ልጥ እንደ ወረቀት እየተላጠ ከሥሩ አረንጓዴ ቆዳ ይታያል፤ ይህ ቆዳ ቅጠል በሌለበትም ጊዜ ጥቂት ምግብ ይሠራል። ቁልቋል እስከ ጫፉ ሄዷል። የቅጠልን ሥራ ለግንዱ ሰጥቶ፣ ቀዳዳዎቹን የሚከፍተው አየሩ በሚቀዘቅዝበት በሌሊት ነው።

የኢትዮጵያን ዕፀዋት ያጠኑ ሊቃውንት በባሌ ቆላዎች የሚገኘውን ይህን ስብስብ የግራርና የከርቤ ደን ይሉታል። ኢብ ፍሪስ፣ ሰብስቤ ደምሰውና ፓውሎ ቫን ብሩጌል እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት አትላስ አገሪቱን በ12 ዋና ዋና የዕፀዋት ዓይነቶች ሲከፍሉ፣ ይህ ደን የምሥራቁንና የደቡቡን ቆላ በሰፊው ይዟል። በባሌ ይህን ደን ማየት የፈለገ ሰው የወይብ ወንዝ የሚሾልክበትን የሶፍ ዑመር ዋሻ አካባቢ ቢጎበኝ በቂ ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ ዛፉ መቼ ማቆጥቆጥ እንዳለበት እንዴት ያውቃል የሚለው ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የቀኑ ርዝመትና ሙቀቱ ይነግሩታል። ባሌ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ነው፤ ሙቀቱም ከወር ወር እምብዛም አይለዋወጥም። የቀረው ምልክት ውኃ ነው። ሣር ሥሩ ጥልቅ ስላልሆነ ላይኛው አፈር ካልራሰ አይነሣም፤ ከራሰ ግን በቀናት ውስጥ ምድሩን ያለብሰዋል። አንዳንድ ዛፎች ግን ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት ያቆጠቁጣሉ። ቅጠላቸውን ስለጣሉ የሚያጡት ውኃ አነስተኛ ነው፤ ጥልቁ ሥር የሚስበው ግንዱን ቀስ በቀስ ይሞላዋል፤ ዝናቡ ሲቃረብም የአየሩ እርጥበት ከፍ ይላል። ቀድሞ የለበሰ ዛፍ ከመጀመሪያው ዝናብ ጀምሮ ሙሉ ሥራ ይጀምራል። ለግመልና ለፍየል ደግሞ ሣር ባልበቀለበት በዚያ ጊዜ የዛፉ ለጋ ቀንበጥ ነፍስ ማቆያ ነው።

ከዚህ ሕግ ሁሉ የወጣው በኦሮምኛ «ገርቢ» በትግርኛ «ሞሞና» የሚባለው የግራር ዘመድ ነው። በዝናብ ወቅት ቅጠሉን ይጥላል፣ በበጋ ይለብሳል። ሥሩ ከከርሰ ምድር ውኃ ስለሚደርስ ደረቁ ወቅት አያስፈራውም። ገበሬዎች ከማሳቸው መሐል የሚተዉት በምክንያት ነው፤ ሰብሉ በሚያድግበት ጊዜ ብርሃን አይሻማም፣ የሚጥለው ቅጠልም አፈሩን ያዳብራል።

ይህ የቅጠል መውጣትና መርገፍ ዛሬ ከጠፈር ይለካል። የለመለመ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ ሥራ ይውጠዋል፤ ዓይን የማያየውን ቅርብ ታሕታይ ቀይ ጨረር ግን ወደ ሰማይ ይመልሰዋል። ሳተላይቶች የሁለቱን ልዩነት አስልተው የትኛው አካባቢ እንደለመለመ፣ የትኛው እንደደረቀ ያሳያሉ። ስሌቱ ከምርምር አልፎ ከአርብቶ አደሩ ኪስም ደርሷል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የተጀመረው የከብት መድን ክፍያውን የሚወስነው የሞተውን ከብት በመቁጠር ሳይሆን የግጦሹን ልምላሜ ከሳተላይት በማንበብ ነው።

የባሌ ቆላ ዝናብ ከሩቅ ባሕሮች ጋር የተሳሰረ ነው። የሰላማዊው ውቅያኖስ ማዕከላዊና ምሥራቃዊ ገጽ ሲሞቅ የሚከሠተው ኤልኒኞ የሰሜኑን ክረምት ሲያዳክም፣ የደቡብ ምሥራቁን የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ አብዛኛውን ጊዜ ያበረታል። ይኸው ገጽ ሲቀዘቅዝ የሚከሠተው ላኒና ሲመጣ ነገሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች ሲከሽፉ፣ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ቆላዎች ግጦሹ ጠፍቶ እጅግ ብዙ ከብት አልቋል። አንድ ደረቅ ወቅት የለመደ ዛፍ ከግንዱ ባጠራቀመው ይሻገራል፤ ወቅቶቹ ሲደራረቡ ግን ቅጠል ለማውጣት ያስቀመጠው ስንቅ ያልቃል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። በበጋ የተራቆተውን ዛፍ «ደርቋል» ብሎ ለማገዶና ለከሰል ከመቁረጥ በፊት ከለጋ ቅርንጫፎቹ የአንዱን ልጥ በጥፍር ፋቅ ማድረግ ይበቃል። ከሥሩ አረንጓዴና እርጥብ ከሆነ ዛፉ በሕይወት አለ፤ የሚጠብቀው ዝናብ ነው። እንዲህ ያለውን ዛፍ መቁረጥ በሚቀጥለው ደረቅ ወቅት የፍየሉን መኖና የንቡን አበባ መቁረጥ ነውና፣ እባካችሁ ፍቃችሁ ሳታዩ አትቁረጡ።