ሁሉም አልተቃጠለም

የአየርላንድ ስደተኞች የዘር ሐረግ ሲነሳ፣ ፍለጋ ጀምሮ የማያውቅ ሰው እንኳ «መዝገቡ እኮ ሁሉ ተቃጥሏል» ይላል። ይህን ስሰማ አንጀቴ ያርራል። ስንቱ በዚህች አባባል ብቻ ተስፋ ቆርጦ የቅድመ አያቱን ቀዬ ሳያውቅ ቀርቷል!

እሳቱስ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር የዱብሊኑ ቤተ መዛግብት ጋየ፤ ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራ ቅጾች ከጥቂቶች በቀር አብረው ነደዱ። የ1861 እና የ1871ዱን ግን መንግሥት ራሱ ቀደም ብሎ አስወግዷቸው ነበር። የካቶሊክ አጥቢያዎች የጥምቀት መዝገብ፣ ከ1864 ወዲህ ያለው የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ፣ የግሪፊዝ የመሬት ግምት፣ የ1901 እና የ1911 ቆጠራ ዛሬም አሉ፤ አብዛኛውም በኢንተርኔት በነጻ ይነበባል።

እኔ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ግን ማንም ዞር ብሎ የማያየውን የጡረታ ቅጽ ነው። በ1908 የአረጋውያን ጡረታ ሕግ ወጣ፤ በጃንዋሪ 1909 ክፍያ ሲጀመር 70 ዓመት የሞላው ድኻ በሳምንት እስከ 5 ሽልንግ ያገኝ ጀመር። ጭንቁ ማስረጃው ነበር። አጠቃላይ የልደት ምዝገባ ገና በ1864 ከተጀመረ፣ ከዚያ በፊት የተወለደ ገበሬ ዕድሜውን በምን ያሳይ? ስለዚህ ሽማግሌዎቹ በ1841 ወይም በ1851 ቆጠራ ስማቸው እንዲፈለግላቸው አመለከቱ። ቅጹ ላይ የአባት ስም፣ የእናት ስም፣ ብዙ ጊዜም እናቲቱ ከማግባቷ በፊት የምትጠራበት የቤተሰብ ስም ይሰፍራል። ቀጥሎ ካውንቲው፣ አጥቢያውና ታውንላንዱ ይመጣል። ታውንላንድ ከሁሉ ታናሿ የመሬት ክልል ናት፤ በመላው ደሴት ከ60,000 በላይ አሉ፤ እሷን ያላገኘ ሰው ፍለጋው ገና ነው። ከዚያ ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ ያገኘውን ይጽፋል። መዝገቡ ከ13 ዓመት በኋላ ነደደ፤ ቅጾቹ ግን ተርፈው በዱብሊንና በቤልፋስት ይገኛሉ።

ካየኋቸው በአንዱ ላይ ያመለከተችው አንዲት ባልቴት ናት። ጸሐፊው ወላጆቿ የተጋቡበትን ዓመት ጽፎ ልጆቹን በየዕድሜያቸው ደርድሯል። በ1841 እሷ የ4 ዓመት ልጅ ናት፤ ታላቅ ወንድሟ 12 ዓመቱ። የድንቹ ረኃብ በበረታበት በ1847 ያ ልጅ 18 ሞልቶታል፤ መርከብ የሚሳፈርበት ዕድሜ ነው። ስደተኛው ጡረታ አልጠየቀም፤ እህቱ ግን ጠይቃለች፤ በእሷ ቅጽ ላይ እሱም አለ።

አብዛኛው ፈላጊ ግን የሄደውን ሰው ስም ብቻ ይዞ ይሮጣል። «ፓትሪክ መርፊ» ብሎ ይጽፍና መጀመሪያ የመጣለትን አያቴ ነው ብሎ ይቀበላል። ይህ ግዴለሽነት ነው። በ1892 የኒው ዮርኩ የስደተኞች መቀበያ ኤሊስ ደሴት ሲከፈት በመጀመሪያ የተመዘገበችው የኮርኳ አኒ ሙር እንኳ ለብዙ ዓመታት ቴክሳስ ከሞተች ሌላ አኒ ሙር ጋር ተምታታ ኖራለች፤ እውነተኛዋ ኒው ዮርክ ኖራ እዚያው እንደ ሞተች የታወቀው በ2006 ነው።

የጡረታ ቅጹን ስትፈልጉ ታዲያ አገር ቤት የቀሩትን ወንድሞችና እህቶች ስም ሁሉ ያዙ። እህቶችን በባሎቻቸው ስምም ሞክሩ፤ ያገባች ሴት ያመለከተችው በዚያ ስም ሊሆን ይችላል።