ፑል ሪኩዌስታችን ለምን መልስ ያጣል?



ሦስተኛ ዓመት ሳለሁ ከዶርም ኢንተርኔት ጋር እየታገልኩ አንድ ሳምንት ሙሉ የሠራሁትን ማስተካከያ ወደ አንድ ኦፕን ሶርስ ፕሮጀክት ላክሁ። አንድ ወር ጠበቅሁ፣ ሁለት ወር ጠበቅሁ፤ መልስ የለም። በሦስተኛው ወር ቦት መጥቶ «ለረጅም ጊዜ እንቅስቃሴ ስላልታየበት ተዘግቷል» ብሎ ዘጋው። የዘጋብኝ ሰው እንኳ አይደለም። የዚያን ቀን «ከእኛ አገር የሚመጣ ነገር አይፈልጉም ማለት ነው» ብዬ ላፕቶፔን ከደንኩ። ድምዳሜዬ ስህተት ነበር፤ ቅሬታዬ ግን ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም። በግቢያችን ይህ የደረሰበት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ስላወቅሁ ነገሩን ከውስጥ ላስረዳ።

ኦፕን ሶርስ ሲባል ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ማንም ያነበዋል፣ ይወስደዋል፣ ለራሱ ይለውጠዋል። ፈቃድ የሚያስፈልገው ለውጡ ወደ ዋናው ቅጂ እንዲገባ ሲፈለግ ነው። ይህ ጥያቄ ፑል ሪኩዌስት ይባላል፤ ፈቃጆቹ ደግሞ ሜንቴነሮች ናቸው። ብዙዎቹ ለዚህ ሥራ ደሞዝ የላቸውም፤ ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ ማታ ማታ የሚሠሩ ናቸው። እኛ የላክነውን አሥር መስመር ማንበብ፣ ማስኬድ፣ ሌላ ቦታ የሚያበላሸው ነገር እንዳለ መፈተሽ አለባቸው። ከገባ በኋላም፣ እኛ ተመርቀን ስንጠፋ፣ ኮዱን ለዓመታት የሚንከባከቡት እነሱ ናቸው። እኛ ስጦታ ብለን የላክነው ለእነሱ አደራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ኤክስፕረስ በተባለው ፕሮጀክት ላይ የደረሰውን እንመልከት (ኖድ ጄኤስ የሞከራችሁ ታውቁታላችሁ)። አንድ የሕንድ የማስተማሪያ ቪዲዮ ፑል ሪኩዌስት እንዴት እንደሚላክ ሲያሳይ ኤክስፕረስን ምሳሌ አድርጎ ነበር። ተማሪዎች ምሳሌውን እንዳለ ወስደው፣ ስማቸውን ሪድሚ ፋይሉ ላይ እየጻፉ በብዛት ላኩ። ሜንቴነሮቹ ያን ሁሉ መዝጋት ነበረባቸው። ተማሪዎቹ ክፋት አልነበራቸውም፤ ቪዲዮው ላይ ያዩትን ነው ያደረጉት። ከዚያ በፊት በ2020 ደግሞ ሃክቶበርፌስት የተባለው ዓመታዊ ዝግጅት አራት ፑል ሪኩዌስት ለላከ ቲሸርት ይሰጥ ስለነበር፣ አንድ ቃል ከመጨመር በቀር ምንም የማይሠሩ ጥያቄዎች ፕሮጀክቶችን አጥለቀለቁ። አዘጋጆቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ደንቡን ቀይረው፣ ፈቃደኛ ነኝ ላለ ፕሮጀክት የተላከው ብቻ እንዲቆጠር አደረጉ። እንዲህ ያለ ጎርፍ ያየ ሰው የማያውቀው ስም ሲመጣበት ፊቱን ቢያጠቁር አይገርምም።

ከድካሙ ሌላ የእምነት ጥያቄም አለ። ኤክስዜድ በብዙ የሊኑክስ ሲስተሞች ውስጥ የሚገኝ ፋይል መጭመቂያ ነው፤ ለዓመታት በዋናነት አንድ ሰው ነበር የያዘው። በ2021 «ጂያ ታን» የሚል ስም የያዘ አዲስ ሰው ማስተካከያ መላክ ጀመረ። ሌሎች ማንነታቸው ያልታወቀ ስሞች ደግሞ «ሥራው ዘገየ፣ ሰው ይጨመር» እያሉ ሜንቴነሩን ያጨናንቁት ነበር። በመጨረሻ ጂያ ታን ራሱ ሜንቴነር ሆነ፤ በ2024 በወጣው ስሪት ውስጥም ሰርቨሮችን በድብቅ የሚከፍት ኮድ ቀበረ። አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ማርች 29 ቀን ይፋ አደረገው፤ ፍንጭ የሰጠውም በኤስኤስኤች ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ ነበር። ግማሽ ሰከንድ!

ብዙዎች ከዚህ «እንግዳ አይታመንም» የሚል ትምህርት ወስደዋል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ያ ሜንቴነር ብቻውን ባይደክም፣ ቀደም ብለው የመጡ ሰዎች ተኮትኩተው አብረውት ቢቆዩ ኖሮ፣ አንድ እንግዳ ያን ያህል ባልተፈለገ ነበር። ቅሬታዬ ሙሉ በሙሉ ስህተት አልነበረም ያልኩት ለዚህ ነው።

ጥሩ አቀባበል ደረጃ ማውረድ አይደለም። የሊኑክስ ከርነል ለብዙ ዓመታት በኃይለ ቃል ይታወቅ ነበር። በሴፕቴምበር 2018 ሊኑስ ቶርቫልድስ በንግግሩ ሰዎችን መጉዳቱን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፣ ለጥቂት ሳምንታትም ከሥራው ራቀ፤ ፕሮጀክቱም አዲስ የሥነ ምግባር ደንብ ያዘ። ፍተሻው ግን ያው ነው። ዛሬም ማስተካከያ የሚላከው በኢሜይል ነው፤ ጌጥ ያለው ኤችቲኤምኤል ኢሜይል ተመላሽ ይሆናል፤ አርም ከተባላችሁ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ስሪት እያላችሁ ትልካላችሁ።

አዲስ ሰው የሚፈልጉ ፕሮጀክቶች ሥራቸው ይለያል። ሊብረኦፊስ «ኢዚ ሃክስ» የሚላቸውን ቀላል ሥራዎች ለይቶ ያስቀምጣል፤ ጊትሀብ ላይም «ጉድ ፈርስት ኢሹ» የሚል ምልክት አለ። ሜንቴነሩ ራሱ ቢሠራው በአሥር ደቂቃ የሚጨርሰውን ነገር ለማያውቀው ሰው ብሎ ሳይነካ ይተወዋል፤ ከዚያም አዲሱን ሰው ለማረም አንድ ሰዓት ያጠፋል። መድረሳ የተማራችሁ ይህን ታውቁታላችሁ፦ ኡስታዛችን ፊት ከመቅረባችን በፊት የሚያዳምጠን ከእኛ ቀደም ያለ ተማሪ ነበር። ኡስታዛችን ራሳቸው ቢያዳምጡን ይፈጥኑ ነበር።

ስለዚህ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት የተዘጉትን ፑል ሪኩዌስቶች ገልጣችሁ አንብቡ። ከእናንተ በፊት የመጣ የማይታወቅ ሰው በስንት ቀን መልስ አገኘ? ሲሳሳት ምን ተባለ? የኮንትሪቢዩቲንግ ፋይሉንም አንብቡ፤ ትልቅ ለውጥ ካሰባችሁ ቀድማችሁ «ይህን ብሠራ ትቀበሉታላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ሁለተኛውን ፕሮጀክት የመረጥኩት እንዲህ ነው። በአራተኛው ቀን መልስ መጣ፤ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ፤ የገባው ሁለት መስመር ነው። ከዚያ ተመልሼ የመጀመሪያውን ፕሮጀክት ገጽ አየሁት፦ ከውጭ ሰው የተቀበሉት የመጨረሻው ለውጥ እኔ ከመላኬ ሁለት ዓመት በፊት የገባ ነበር። ቀኑ እዚያው ገጹ ላይ ተጽፏል።