እውነት ወይስ ተረት? «በዘር የመጣን ቫይታሚን አይመልሰውም»

ከደብረ ታቦር እስከ ወንዛዬ ባለው አገር፣ ሕፃን ጀርባው ክፍት ሆኖ ሲወለድ «ዘሯ ነው» የሚል ቃል ይሰማል። እናቲቱ ከሐዘኗ ላይ ጥፋተኛም ትሆናለች።

በዚህ አባባል ውስጥ ጥቂት እውነት አለ። የጽንሱ ኅብለ ሰረሰር እንዲዘጋ የሚረዳውን፣ ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን ሰውነት እንዲጠቀምበት የሚያዘጋጅ ኤምቲኤችኤፍአር የሚሉት ኢንዛይም አለ። ይህን ኢንዛይም የሚያዝዘው ዘረ መል በአንዳንድ ሰዎች ላይ ትንሽ ተለውጧል፤ ለውጡን ከእናትም ከአባትም የወረሰ ሰው ኢንዛይሙ የሚሠራው ከመደበኛው 30 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከአባትም ጭምር መሆኑ ይሰመርበት።

ሆኖም ለውጡ በአብዛኛው አፍሪካ ከአውሮፓና ከሜክሲኮ ያነሰ ነው። የኅብለ ሰረሰር ክፍተት ግን በኢትዮጵያ በብዛት ይታያል። ስለዚህ ዋናውን ምክንያት ከገበታ እንጂ ከዘር መፈለግ አያዋጣም። በ2007 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ የአብዛኞቹ ሴቶች የፎሌት መጠን ጽንስን ለመጠበቅ ከሚያስፈልገው በታች መሆኑን አሳይቷል።

«አይመልሰውም» የሚለው ግን ተረት ነው። በ1991 እ.ኤ.አ. ውጤቱ በታተመ፣ በሰባት አገሮች በተካሄደ ሙከራ፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ ወልደው የነበሩ እናቶች ከመጸነሳቸው በፊት ጀምረው በቀን 4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ (በኪኒን የሚሰጠውን ፎሌት) ሲወስዱ፣ ችግሩ የመደገም ዕድሉ በ72 በመቶ ቀነሰ። ዘራቸው ያው ነበር፤ የተለወጠው የሚያገኙት ቫይታሚን ነው።

«እርግዝናዬን ሳውቅ እጀምራለሁ» የሚለው ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። ኅብለ ሰረሰሩ የሚዘጋው በተጸነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ያኔ ብዙ ሴት ማርገዟን ገና እየጠረጠረች ነው። በክትትል ወቅት የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ ኪኒን ለደሟ ይጠቅማል፤ ለዚህ ግን በጊዜው አይደርስም። ቢያንስ ከመጸነሷ አንድ ወር በፊት ጀምራ በየቀኑ 0.4 ሚሊ ግራም መውሰድ ይገባታል። ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ደግሞ ከፍ ያለውን መጠን ሐኪም ያዝላታል።

ምስር፣ ባቄላና ጎመን ፎሌት አላቸው፤ ብዙ ሲበስሉ ግን ይቀንሳል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት አስገድዷል። የፋርጣና የጋይንት ገበሬ ግን የራሱን እህል በሰፈሩ ወፍጮ ያስፈጫል፤ እዚያ የሚጨምርበት የለም። ስለዚህ ለመውለድ ብላ በክንዷ የተቀበረውን የወሊድ መከላከያ ለማስወጣት ወደ ጤና ተቋም የመጣች ሴት፣ የዚያኑ ዕለት ፎሊክ አሲዷን ይዛ ትውጣ።