ሁሉ የሚያውቀው ምሥጢር

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤



በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ባለፈው ዓመት በኮምፒዩተር ከመዘገብኩት ውጤት ውስጥ የአራት ልጆች ማርክ ተለውጦ ተገኘ። ጥርጣሬው ወዲያው ስለ ኮምፒዩተር ብዙ በሚያውቅ በአንድ ድኻ ተማሪ ላይ ወደቀ፤ ወላጅ እንዲያመጣም ታዘዘ። እናቱ በቢሮው ደጃፍ ቆማ ስታለቅስ አየሁ። በኋላ ግን ማርኩን የለወጡት ልጆች ራሳቸው አመኑ። የምሥጢር ቃሌ የሴት ልጄ ስምና የተወለደችበት ዓመት ስለ ነበረ፥ ገምተው ለመግባት አልተቸገሩም። እንግዲህ ልጁ የተዋረደው በእኔ ቸልተኝነት ነው።

ይህ ስሕተት የእኔ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 32 ሚሊዮን ያህል የምሥጢር ቃሎች ተሰርቀው ሲወጡ፥ ከሁሉ የበዛው 123456 ሆኖ ተገኝቷል።

ብዙዎቻችን በስማችን መጨረሻ አንድ ቁጥር ወይም ምልክት ብንጨምር የሚበቃ ይመስለናል። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ግን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ምልክት ከማደባለቅ ይልቅ ርዝመትን አስቀድሟል። ሒሳቡም ግልጽ ነው። ስድስት አኃዝ ያለው ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን ዓይነት አያልፍም። ያለ ሥርዓት የተደረደሩ ስምንት የላቲን ትንንሽ ፊደሎች ግን ከ208 ቢሊዮን በላይ ዓይነት ይሆናሉ፤ አንድ ፊደል በተጨመረ ቍጥር ደግሞ 26 እጥፍ ይበዛሉ።

ስለዚህ እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አምስት ቃሎችን፥ ለምሳሌ «ጃርት፥ መሰላል፥ ቅዳሜ፥ በርበሬ፥ ድልድይ» የመሳሰሉትን፥ በላቲን ፊደል አያይዞ መጻፍ ይሻላል። ይህንኑ ምሳሌ ግን ማንም አይውሰደው፤ በጋዜጣ የወጣ ምሥጢር የለምና። ተረትና ምሳሌ ወይም የዳዊት መዝሙርም አይሆንም፤ እኛ በቃላችን የያዝነውን ሌላውም ይዞታል። ለኢሜይል የዋለውን ለባንክ መድገም፥ በስልክ የሚላከውንም የማረጋገጫ ቁጥር ለጠየቀ ሁሉ መንገር ከቶ አይገባም።

ቤቱን ሳይዘጋ የሚያድር ሰው የሚጎዳው ራሱን ነው ይባል ይሆናል። የሰው አደራ በቤቱ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያን ልጅና እናቱን ይቅርታ ጠይቄ ይቅር ብለውኛል። የሰው መዝገብ በእጃችሁ ያለ መምህራንና የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ግን ይቅርታ እስክትጠይቁ ሳትቆዩ፥ የምሥጢር ቃላችሁን ዛሬውኑ እንድትመረምሩ አሳስባለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የሒሳብ መምህር