ትከሻ ሲያም መጀመሪያ ወዴት? ወጌሻ፣ ሐኪም ወይስ ፊዚዮቴራፒስት

ፖሌግ ሲባል ብዙዎቻችሁ ትዝ የሚላችሁ አይኬያ ነው። ለእኔ ግን እናቴ ማታ ማታ ቢሮ የምታጸዳበት ቦታ ነው። ባለፈው ዓመት ቀኝ ትከሻዋን አመማት፤ እጇን አንስታ ጸጉሯን ማበጠር አቃታት።

«እማዬ፣ ሐኪም ጋ ሂጂ እንጂ» ስላት፣ «የቀረሁበትን ቀን ማን ይከፍለኛል?» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ሕጉ አሠሪውን ለመጀመሪያው የሕመም ቀን እንዲከፍል አያስገድደውም። አያቴ ደግሞ «ወጌሻ ቢኖር ይሄኔ ድና ነበር» አሉ።

ያኔ ሳቅሁ። በኋላ ሳስበው ግን አያቴ የተናገሩት ቁም ነገር አለው። ጎንደር ገጠር እጁ የወለቀ ሰው በቀጥታ ወጌሻ ጋ ይሄዳል፤ ሃፍናያ የሚባል ወረቀት የለም። ችግሩ ሌላ ነው፦ የተሰበረ አጥንት በጣም ጠብቆ ከታሰረ ደም አይደርሰውም፤ በዚህ እጅ እግራቸው የተቆረጠ አሉ።

ፊዚዮቴራፒስት ደግሞ መገጣጠሚያን፣ ጡንቻንና ነርቭን በዩኒቨርሲቲ የተማረ ባለሙያ ነው። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ትምህርቱን በዲግሪ ይሰጣል። በአውስትራሊያ ከ1976 ጀምሮ ሰው ያለ ሐኪም ወረቀት በቀጥታ ወደ ፊዚዮቴራፒስት መሄድ ይችላል። ሥራው ማሸት ብቻ አይደለም፤ ይጠይቃል፣ እንቅስቃሴውን ይፈትሻል፣ ቤት የሚሠራ ስፖርት ይሰጣል። ለተለመደ የወገብ ሕመም ብዙ ጊዜ ራጅ እንኳ አያስፈልግም።

ታዲያ መጀመሪያ ወዴት እንሂድ?

ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ በብልትና በመቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግር በድንገት ከሰነፈ፣ ትኩሳት ካለ ወይም ከወደቁ በኋላ መርገጥ ካልተቻለ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል።

ጉዳቱ ሥራ ላይ ከደረሰ መጀመሪያ ሐኪም። የቢቱአሕ ሌኡሚን 250 ቁጥር ፎርም ከአሠሪው ተቀበሉ፤ ሐኪሙም ሥራ ላይ መጎዳቷን በወረቀት ይጻፍ። በኋላ መብት ስትጠይቁ ይህ ያስፈልጋል።

ከዚህ ውጭ ላለው ለተለመደው የጡንቻና የመገጣጠሚያ ሕመም ኩፓችሁ ደውሉና «ያለ ሃፍናያ ፊዚዮቴራፒ ቱር ማግኘት ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ይህን ሳንጠይቅ መጀመሪያ ለሐኪም፣ ከዚያ ለፊዚዮቴራፒ ቱር ስንጠብቅ ብዙ ሳምንት አለፈ።

በመጨረሻ ስንገባ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። እናቴ «ይጠዘጥዘኛል፣ ሌሊት ሌሊት ጣቴ ይደነዝዛል» አለች። እኔ «ኮኤቭ ላህ» ብዬ ጨረስኩት። ፊዚዮቴራፒስቷ «እናትሽ ብዙ ተናገረች፣ አንቺ ሁለት ቃል ብቻ አልሽ» ስትለኝ አፈርኩ። መደንዘዝ ከነርቭ ሊመጣ ስለሚችል ምርመራውን ይለውጠዋል።

ስለዚህ ከቱሩ በፊት ማታ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፦ ይወጋል ወይስ ይቆረጥማል? ያቃጥላል ወይስ ይደነዝዛል? መቼ ይብሳል? ቃሉን በዕብራይስጥ ፈልጋችሁ ጻፉት። እናቴ ዛሬም ወጥ ቤት በር ላይ ላስቲኳን አስራ ትሠራለች፤ ጸጉሯንም ራሷ ታበጥራለች።