ሠንጠረዥን በዓምድ ስለ ማኖር

ሠንጠረዥ በሁለት መንገድ ይነበባል፤ አንደኛው ረድፉን ተከትሎ ወደ ጐን ማንበብ ነው፥ ሁለተኛው ዓምዱን ይዞ ከላይ ወደ ታች መውረድ ነው። መዝገብ ጸሐፊ ሲጽፍ በረድፍ ይጽፋል፤ የመጣውን እንግዳ ስም፥ አገሩንና ቀኑን በአንድ መስመር አስፍሮ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ብዙ የኮምፒዩተር የመረጃ ቋቶችም ይህንኑ የጸሐፊ ልማድ ተከትለው እያንዳንዱን ረድፍ ከነሙሉ ዝርዝሩ በአንድ ስፍራ ያኖሩታል። ነገር ግን «ድምሩ ስንት ነው? ትልቁስ የትኛው ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የሚፈልገው አንድ ዓምድ ብቻ ነው፤ የቀሩት ዓምዶች ለእርሱ ሸክም ናቸው።

ይህን ሸክም ለማራገፍ ከተገኙት መንገዶች አንዱ የመጣው አሬይ ከሚባሉት የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ነው። አሬይ ማለት በተራ የተደረደሩ ቁጥሮች ወይም ፊደሎች እንደ አንድ ነገር ሆነው ሲያዙ ነው። ካናዳዊው ሊቅ ኬኔት አይቨርሰን በሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ የጀመሩትን የሒሳብ አጻጻፍ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. በመጽሐፍ አወጡት፤ ኤ.ፒ.ኤል. የተባለው ቋንቋም ከዚያ ተወለደ። በዚህ ቋንቋ ሁለት ዝርዝሮችን ለማባዛት እያንዳንዱን ቁጥር እየጠሩ መመላለስ አያስፈልግም፤ አንድ ምልክት ብቻ ይበቃል። ፈለጋቸውን የተከተሉት አርተር ዊትኒ በዚያው አቈጣጠር በ1993 ኬ የሚባለውን ቋንቋ፥ በ1998 ደግሞ በእርሱ ላይ የቆመውን ኬ.ዲ.ቢ. የተባለውን የመረጃ ቋት አበጁ፤ ይህም በአክሲዮን ገበያ የሚደረገውን ሽያጭ በመመዝገብ ብዙ አገልግሏል።

በእነዚህ ቋንቋዎች ዘንድ ሠንጠረዥ ማለት ርዝመታቸው እኩል የሆነ ዝርዝሮች፥ እያንዳንዳቸው ስም ተሰጥቷቸው በአንድነት ሲታሰሩ ነው። ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም። ለምሳሌ ሦስት ሽያጮች ቢኖሩ፥ የዋጋው ዓምድ 52፥ 48፥ 50፤ የብዛቱ ዓምድ 100፥ 300፥ 200 ይሁን። ሁለቱ ዓምዶች ሲባዙ 5200፥ 14400፥ 10000 ይወጣል፤ ድምሩ 29600 ነው። ይህ ለጠቅላላው ብዛት ለ600 ቢካፈል የአንዱ አክሲዮን አማካይ ዋጋ 49.33 ይሆናል። ሥራው ሁሉ የሚነገረው በአንድ አጭር መስመር ነው፤ ሠንጠረዡ 10 ሚሊዮን ረድፍ ቢኖረውም መስመሩ አይረዝምም።

ፍጥነቱ ከምን እንደሚመጣ በቁጥር ማየት ይቻላል። 10 ዓምዶች ያሉት፥ እያንዳንዱም ቁጥር 8 ባይት የሚይዝ ሠንጠረዥ ቢኖር፥ አንዱ ረድፍ 80 ባይት፥ 10 ሚሊዮኑ ረድፍ 800 ሚሊዮን ባይት ይሆናል። በረድፍ የተቀመጠ እንደ ሆነ ዋጋውን ብቻ ለመደመር ይህን ሁሉ ማገላበጥ ግድ ነው፤ በዓምድ የተቀመጠ እንደ ሆነ ግን 80 ሚሊዮኑ ይበቃል። ደግሞም በዛሬ ዘመን ብዙዎቹ ፕሮሰሰሮች ከማኅደረ ትውስታ የሚቀዱት በ64 ባይት ጭልፋ ነው፤ በዓምድ የሆነው በአንድ ጭልፋ ስምንት ዋጋ ሲያወጣ፥ በረድፍ የሆነው ከአንድ አይበልጥም። በዲስክ ላይም እያንዳንዱ ዓምድ የራሱ ፋይል ስላለው፥ ዋጋ የጠየቀ ሰው የዋጋውን ፋይል እንጂ የሌላውን አይከፍትም። የኩባንያ ስም ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገም፥ ስሙ አንድ ጊዜ ተጽፎ በዓምዱ ውስጥ ተራ ቁጥሩ ብቻ ይገባል።

ይሁን እንጂ በዚህ አቀማመጥ ረድፍ የሚባለው ነገር የራሱ አካል የለውም። ሁለተኛው ብዛት የሁለተኛው ዋጋ መሆኑን የሚናገር ምንም ጽሑፍ የለም፤ ምስክሩ ተራው ብቻ ነው። አንድ ሰው ዋጋዎቹን ብቻ ከትንሹ ወደ ትልቁ ቢደረድርና ብዛቱን እንደ ነበረ ቢተወው፥ 48 ከ100፥ 50 ከ300፥ 52 ከ200 ጋር ይጣመራሉ፤ አማካዩም 50.33 ሆኖ ይወጣል። ርዝመታቸው ቢለያይ ኮምፒዩተሩ እንቢ ባለ ነበር፤ እኩል ስለ ሆኑ ግን ያልተደረገውን ሽያጭ እንደ ተደረገ ቈጥሮ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ ያሰላዋል።

ለዚህ መድኃኒት የሚሆን ምልክት በኤ.ፒ.ኤል. ውስጥ አለ። ምልክቱ ቁጥሮቹን አያንቀሳቅስም፤ ቢንቀሳቀሱ በምን ተራ ሊሆኑ እንደሚገባ ብቻ ይናገራል። ለ52፥ 48፥ 50 የሚሰጠው መልስ 2፥ 3፥ 1 ነው፤ ይኸውም «መጀመሪያ ሁለተኛው፥ ቀጥሎ ሦስተኛው፥ በመጨረሻ አንደኛው ይምጣ» ማለት ነው። ይህ አንድ ትእዛዝ ለዓምዶቹ ሁሉ ሲሰጥ፥ ዋጋው 48፥ 50፥ 52፥ ብዛቱም 300፥ 200፥ 100 ሆነው ሳይለያዩ ይሄዳሉ። ከቋንቋው ምልክቶች ሁሉ እጅግ የሚደነቀው ይህ ሳይሆን አይቀርም።

አዲስ ረድፍ መጨመርም ቀላል አይደለም። 10 ዓምድ ካለ በዐሥሩም ጫፍ መጻፍ ያስፈልጋል፤ በመካከል መብራት ቢጠፋ ግማሾቹ ረዝመው ግማሾቹ አጥረው ይገኛሉ። ስለዚህ በኬ.ዲ.ቢ. የሚሠሩ ሰዎች እንደ ልማዳቸው የዕለቱን ሽያጭ በማኅደረ ትውስታ ያቈዩታል፤ የደረሰውም መልእክት ሁሉ ለመጠባበቂያ በሌላ ፋይል በየተራው ይጻፋል። ገበያው ሲዘጋ ሁሉን በኩባንያ ስም ደርድረው፥ በዲስክ ላይ በዕለቱ ቀን በተሰየመ ማኅደር ውስጥ ዓምድ በዓምድ ያኖሩታል። የባንክ ሒሳብን የመሰለ፥ በየሰዓቱ የአንድ ሰው ረድፍ ብቻ እየተፈለገ የሚለወጥ ነገር ግን በመዝገብ ጸሐፊው ልማድ በረድፍ ቢቀመጥ ይሻላል።