«ፌይንት»፦ ከጭቃ ሥራ እስከ ጦር ሜዳ

በእግር ኳስ ሜዳ «አብዶ» የምንለው፣ ሰውነትን ወደ ግራ አዘንብሎ ኳሱን በቀኝ ይዞ የማለፍ ጥበብ፣ በእንግሊዝኛ «ፌይንት» ይባላል። ቃሉ በቦክስ፣ በጎራዴ ግጥሚያና በጦር ስልትም ያገለግላል። ትርጉሙ ባላጋራ የሐሰቱን አቅጣጫ ሲከላከል በእውነተኛው ለመምጣት የሚደረግ አሳሳች እንቅስቃሴ ማለት ነው።

እንግሊዝኛ ይህን ቃል በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ ወሰደ። በፈረንሳይኛ «ፌንድር» ማስመሰል ሲሆን፣ ምንጩ «ፊንጌሬ» የተባለው የላቲን ግሥ ነው። ግሡ በጥንተ ትርጉሙ ጭቃን በእጅ እያሹ ቅርጽ መስጠትን ያመለክት ነበር፤ ማታለል አልነበረበትም። ከቅርጽ መስጠት መፍጠር፣ ከመፍጠርም የሌለውን እንዳለ አድርጎ ማቅረብ ተከተለ። ልብ ወለድ ማለት የሆነው «ፊክሽን» የዚሁ ግሥ ልጅ ነው። ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን በአነባበብ ከ«ፌይንት» የማይለየውና ደካማ ወይም ደብዛዛ የሚል ትርጉም ያለው ቃል ዝምድና ነው። እርሱም ከዚያው ሥር የወጣ ሲሆን፣ በጥንታዊው ፈረንሳይኛ ለሥራ የሚለግመውን ሰው ከመግለጽ ተነሥቶ ወደ ድካም አዘንብሏል።

ስያሜው ከሸክላ ሠሪ እጅ ቢመጣም ዘዴው የሚሠራው በአንጎል ውስጥ ነው። ሰው ያየውን ምልክት ተከትሎ መንቀሳቀስ እስኪጀምር የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይወስድበታል። በዚህ መካከል ሁለተኛ ምልክት ቢመጣ፣ አንጎሉ ለፊተኛው የሚሰጠውን ምላሽ መርጦ እስኪጨርስ የኋለኛው ወረፋ ይጠብቃል። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ይህን መዘግየት እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲያጠኑት ቆይተዋል። አታላዩ የሚያልፈው በዚያች ቅጽበት ነው። እጅግ ከቸኮለ ባላጋራው ሁለቱን እንቅስቃሴዎች እንደ አንድ ሊያያቸው ይችላል፤ ከዘገየ ደግሞ ራሱን ያስተካክላል። በራግቢ ተጫዋቾች ላይ በተደረገ ጥናት፣ ልምድ ያላቸው ሐሰተኛውን እንቅስቃሴ ከጀማሪዎች በተሻለ ለይተዋል።

የጦር ሜዳው ግን ዋጋው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ የአሜሪካ የባሕር ኃይል እግረኞች ከኩዌት ጠረፍ ባሻገር በመርከቦች ላይ ሆነው ለማረፍ የተዘጋጁ መስለው ታዩ። የኢራቅ ክፍለ ጦሮችም ባሕሩን እየጠበቁ ቀሩ። ዋናው ጥቃት በምዕራቡ በረሃ ዞሮ መጣ። አንድ ተከላካይ ሚዛኑን በቅጽበት ይመልሳል፤ ምሽግ ይዞ ወደ ባሕር የዞረን ሠራዊት መልሶ ማዞር ቀናት ይፈጃል። የምድር ውጊያው በ100 ሰዓታት አብቅቶ ነበር።